አፏን የዘጋችው ዓሣ
ዛሬ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤቴ አኳሪየሙን አየት አድርጋ «ይቺ ቢጫዋ ታማለች እንዴ? ምግብ ስትጥልላቸው ዞር አትልም» አለችኝ።

አልታመመችም። አፏ ውስጥ ልጆች አሉ።

ቢጫዋ ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ናት፣ ዘሯ ከማላዊ ሐይቅ። እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች። ከዚያ ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ አትበላም ማለት ይቻላል። ጉሮሮዋ ስር አብጧል። ጠጋ ብሎ ላያት ደግሞ የምታኝክ ነው የምትመስለው። እያኘከች ግን አይደለም፤ እንቁላሎቹን እያገላበጠች ነው፣ ንጹህ ውሃ እንዲደርሳቸው።

ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ሲኒዋን አስቀምጣ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች።

«አባትየውስ?»

አባትየው ማዶ ሌላዋን ሴት እያባረረ ነበር። «ወይ ጉድ፣ እነሱም ጋ!» ብላ ሳቀች።

ልትተፋቸው ስትል ለብቻዋ አወጣታለሁ። አለዚያ ጫጩቶቹ የሌሎቹ ምሳ ናቸው። ከዚያ በደንብ የደቀቀ ምግብ ትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ፤ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ መቀየር። ሌላ ተአምር የለውም።

ከሐዋሳና ከዝዋይ የሚመጣልን፣ ጠብሰን የምንበላው ቆሮሶም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እናትየው እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ነው የምትይዘው፤ መረብ ሲይዛት ትተፋቸዋለች። ለዚህ ነው በመራቢያ ወቅት መረብ ይቀነስ ሲባል የምደግፈው። ግን አስጋሪው በእነዚያ ወራት ምን ይብላ? ይህን ሳያነሱ ክልከላ ብቻ የሚያወሩት አይመቹኝም።