የተረከዝ ጅማት ጉዳት፣ የጎንደር ዳገትና 42 ኪሎ ሜትር

ከተረከዝ ጅማት ጉዳት ተነሥቶ ጎንደር ውስጥ ለማራቶን የሚዘጋጅ፣ በሩጫውም ከሰጪዎች ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው የልምምድ ደብተር ይያዝ። ደብተሩ ላይ ለአንድ ልምምድ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡30፣ ስታዲየም፣ 8 ጊዜ (2 ደቂቃ ሩጫ + 2 ደቂቃ እርምጃ)፣ ሕመም 2። ረቡዕ ጠዋት 4፣ ደረጃ ሲወረድ ያነክሳል።» የሕመሙ ቁጥር ከ10 ነው። እዚህ መስመር ላይ ወሳኙ የማክሰኞው 2 ሳይሆን የረቡዕ ጠዋቱ 4 ነው። የተረከዝ ጅማት (አኪለስ) ሲሮጡበት ይሞቅና ሕመሙን ይደብቃል፤ የሚታወቀው በማግስቱ ከአልጋ ወርደው በሚረግጧቸው የመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ነው። የጠዋቱ ቁጥር ከ3 ካላለፈና ከተለመደው ካልበለጠ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይታለፋል። ከበለጠ የሐሙሱ ሩጫ ይሰረዛል፣ ልምምዱም አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከላይ ያለው መስመር ሐሙስን ያሰርዛል።

ከሁሉ በፊት ሕመሙ የት እንዳለ በጣት ይፈለግ። ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጅማቱ ሲቆነጠጥ የሚያም ከሆነ የመሃል ጅማት ጉዳት ነው፤ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የሚያመው ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ከሆነ ግን ተረከዝን ከጣቶች በታች ማውረድ ጅማቱን አጥንቱ ላይ እየተጫነ ያባብሰዋል፤ እንቅስቃሴው ሁሉ ለጥ ባለ ወለል ላይ ይሠራ። ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ነው። ግድግዳ ገፍቶ ባቱን ያሳስባል፣ ወይም ወጌሻ ጋ ሄዶ በቅቤ ይታሻል። ለወለምታ ጥሩ እጅ ያለው ወጌሻ አይጠፋም፤ የተቆጣ ጅማት ግን በኃይል መታሸትን አይወድም። ድንገት «ጷ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ በጣት መቆም ካቃተ፣ ወይም በደረት ተኝቶ ባት ሲጨመቅ እግሩ ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ሳይበጠስ አይቀርም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ከሩጫ ጋር የማይገናኝ የሚመስል ነገር ደግሞ አለ፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን። እንደ ዋዛ የሚዋጥ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ እሱና የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶቹ ግን ጅማትን በማዳከም፣ አልፎ አልፎም በማስበጠስ ይታወቃሉ፣ በተለይ አኪለስን። ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት ጅማት እንደተጎዳ ይነገረው። ከታዘዘ ደግሞ ሩጫው ይቋረጣል፤ መድኃኒቱ እየተወሰደ ጅማት ካመመ መዋጡ ቆሞ ወዲያው ሐኪም ይጠየቅ። የሕመም ማስታገሻ (ዲክሎፌናክ) ውጦ መሮጥም ያው ደብተሩን ማታለል ነው።

ማጠናከሪያው ቀላል ነው፣ አሰልቺ ግን ነው። ጅማቱ ገና ሲያም በሁለት እግር ጣት ተነሥቶ 45 ሰከንድ መቆም፣ 5 ጊዜ፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ ዕረፍት። ይህ ሲለምድ 3 ዙር 15 ጊዜ፣ በ3 ሰከንድ እየወጡ በ3 ሰከንድ እየወረዱ። ግማሹ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ ግማሹ ሸብረክ ብሎ ይሠራል፤ ጉልበት ሸብረክ ሲል ሥራው ወደ ውስጠኛው የባት ጡንቻ ይሄዳል፣ በሩጫ ጊዜ ከባዱን ሸክም የሚይዘውም እሱ ነው። ቀጥሎ በአንድ እግር፣ ከዚያ ክብደት። ውኃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በጀርባ ቦርሳ ከገባ 5 ኪሎ ሆነ፤ ጂም አያስፈልግም። በየሁለት ቀኑ ይሠራል። ሩጫ ሲጀመርም አይተውም፤ ሩጫ ጀመርኩ ብሎ የባቱን ሥራ የጣለ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ወደ መነሻው ሲመለስ ማየት የተለመደ ነው።

ለመሮጥ የሚፈቀደው የተጎዳው እግር ብቻውን 25 ጊዜ በጣት ሲነሣ፣ 20 ጊዜ ሲዘልና 45 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያለ ሕመም ሲያልፍ ነው። ለእርምጃው የፋሲል ግቢ ዙሪያ ይመቻል፦ የአጥሩ ግንብ ዙሪያ 900 ሜትር ስለሆነ በውጭ አራት አምስት ዙር ይበቃል። ኮብልስቶኑ ላይ ግን ዝናብ ከጣለ በኋላ አይሞከር። ድንገተኛ መንሸራተት ጅማትን የሚጎትተው ከአንድ ሰዓት ሩጫ በላይ ነው።

እዚህ ላይ «ቶሎ መመለስ ይቻላል» ለማለት ሁልጊዜ አበበ ቢቂላ ይነሣል። በ1964 (እ.ኤ.አ.) የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የቶኪዮ ኦሎምፒክን ማራቶን በ2፡12፡11 አሸነፈ፤ እውነት ነው። ግን የሆድ ቁስልና ጅማት አይወዳደሩም። ጅማት የሚደርሰው ደም ጥቂት ነው፣ ጥገናውም በወራት ይቆጠራል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ደግሞ ለአንድ ቀን ተኩል ያህል የሚፈርሰው ከሚገነባው ይበልጣል። በሁለት ሩጫዎች መካከል 48 ሰዓት የሚተወው ለዚህ ነው።

ሩጫው በሳምንት ሦስት ቀን ይጀመራል። መጀመሪያ 10 ጊዜ 1 ደቂቃ ሩጫ ከ2 ደቂቃ እርምጃ ጋር፣ ቀጥሎ 8 ጊዜ 2 በ2፣ ከዚያ 5 ጊዜ 5 በ1፣ በመጨረሻ ያልተቆራረጠ 30 ደቂቃ። ደብተሩ ከፈቀደ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። አደገኛው አራተኛው ወይም አምስተኛው ሳምንት ነው፤ ሕመሙ ጠፋ ተብሎ እጥፍ የሚሮጠው ያኔ ነው።

ጎንደር ለዚህ ልምምድ አስቸጋሪ ከተማ ናት፣ ሜዳዋ ጥቂት ነው። ዳገት ጅማቱን ይለጥጠዋል፤ ቁልቁለት ጉልበትንና ቅልጥምን ይመታል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ያለው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሲሄዱ ዝቅ ይላል፤ ሲመለሱ በደከመ እግር ዳገት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት በታክሲ አዘዞ ወርዶ፣ እዚያው ለጥ ያለውን ክፍል እየተመላለሱ ሮጦ በታክሲ መመለስ። ይህን እንደ ስንፍና የሚያይ ሰው ጅማቱ ተጎድቶ አያውቅም። አስፋልቱ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል አንዱ እግር ዝቅ ብሎ ይረግጣል፤ ሲመለሱም በዚያው ጠርዝ መሮጥ ጎኑን ያቀያይረዋል። ስታዲየም ውስጥ በየ10 ደቂቃው አቅጣጫ ይቀየር። ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወስደው ዳገት ለመጨረሻው ወር ይቆይ።

ጫማ ከሰልባጅ ሲገዛ የላይኛው ንጽሕና አይታይ፤ በአውራ ጣት ሶሉ በጎን ይጫን። እንደ እንጨት ከደረቀ ስፖንጁ ሞቷል። ከተረከዝ እስከ ጣት ያለው የከፍታ ልዩነት 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጅማቱን ያሳርፋል፤ ዝቅ ያለ ሶል ካለ የተረከዝ ማስገቢያ ይጨመርበት፣ በሁለቱም እግር።

30 ደቂቃው ሲደላደል የ16 ሳምንቱ የማራቶን ዝግጅት ይጀመራል። ረጅሙ ሩጫ 12፣ 14፣ 16 ኪሎ ሜትር ይልና በአራተኛው ሳምንት ወደ 11 ይወርዳል፤ በዚሁ አካሄድ በ13ኛው ሳምንት 30 ይደርሳል፣ ከዚያ 20፣ 12፣ ውድድር። ፍጥነቱ እያወሩ የሚሮጡበት ነው። ርቀት መጀመሪያ ይጨመራል፣ ፍጥነት በኋላ።

በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ያድርገው፤ ከቀዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል አይጾምም፣ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ አለ። በሶ ከሩጫው ሁለት ሰዓት በፊት ጥሩ ነው፤ በመሃል ግን ሆድ ላይ ይቀመጣል። ለመሃሉ በግማሽ ሊትር ውኃ ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው፣ ለአንድ ሰዓት ሩጫ።

የቀረው ከሰጪዎች የሚሰበሰበው የገንዘቡ ጉዳይ ነው፣ ጅማትን የሚያስበጥሰውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። «ማራቶኑን ከጨረስክ ይህን ያህል እሰጣለሁ» የሚል ቃል 28ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እያነከሰ ያለውን ሰው አያስቆመውም። ቃሉ በልምምዱ ኪሎ ሜትር ይሁን፦ በ16 ሳምንት ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ በኪሎ ሜትር 2 ብር ከአንድ ሰው 1,200 ብር ይሆናል። ለአንዱ የማራቶን ኪሎ ሜትር 30 ብር ቢሰጥ ከሚገኘው 1,260 ብር ብዙም አይለይ። በየአራት ሳምንቱ ደብተሩ ለሰጪዎች ይታያል፣ ገንዘቡም ያኔውኑ ይሰበሰባል፤ የውድድሩ ቀን ጠዋት የሕመሙ ቁጥር 5 ከሆነ የሚሰረዘው ሩጫው ብቻ ነው፣ ገንዘቡ አይደለም።