ፍቅረኞቹን ትቼ ጉዱ ካሳን

ረጅም ልብ ወለድ ያደክመኛል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልከራከርም። እውነቱን ነው፣ ያደክማል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። ርዕሱን አይቶ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ፍቅር የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ጉዱ ይፈላል፣ ምክንያቱም ሐዲስ ዓለማየሁ መቸኮል የሚባል ነገር አያውቁም። መጀመሪያ ጎጃም፣ ማንኩሳ ይወስዷችሁና ከባለታሪኩ ከበዛብህ እናትና አባት ከውድነሽ በጣሙና ከቦጋለ መብራቱ ጋር ያስተዋውቋችኋል፤ ከዚያ የልጁ ስለት አለ፣ የቤተ ክህነት ትምህርቱ አለ። የሚወዳት ሰብለ ወንጌልስ? ቆዩ፣ ትመጣለች።

እኔ ግን መጽሐፉን የወደድኩት በዚህ ዝግታው ነው። እናቱ ለእግዚአብሔር እንደሰጠችው በአንድ መስመር ብቻ ቢነገረን ኖሮ፣ በዛብህ ሰብለን ሲወድ «እና ምን ችግር አለው፣ አግባታ!» ብለን እናልፍ ነበር። አሁን ግን ቤቱን እናውቀዋለን፣ እናቱን እናውቃታለን፣ ስለቱ እኛንም ይከብደናል።

ልቤን የወሰደው ግን በዛብህ አይደለም። ጉዱ ካሳ ነው! የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ዘመድ ሆኖ፣ የዘር ኩራታቸውንና በባላገሩ ላይ የሚሠሩትን ፊት ለፊት የሚናገር፣ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው። እሱ ሲገባ ቀና ብዬ ነው የማነበው። ይህን ሁሉ በጉዱ ካሳ አፍ የተናገሩት ደራሲ እኮ የንጉሡ መንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ፣ መጽሐፉም የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፣ አብዮቱ ሊፈነዳ 8 ዓመት ሲቀረው። ዛሬም አፉ የማያርፍ ሰው ሲገኝ «ጉዱ ካሳ» ይባላል፣ መጽሐፉን ያላነበበውም ጭምር ይላል። ለዚህ ወጋየሁ ንጋቱም ድርሻ አለው፤ በሬዲዮ የተረከውን የሰማ ሰው ጉዱ ካሳን በሌላ ድምፅ ማሰብ ይቸግረዋል፣ እኔም ሳነብ የሚሰማኝ እሱ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻን ልጠላቸው ብዙ ሞክሬያለሁ። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ጠፋ ብለው ጠያቂውን ሁሉ እየመለሱ ዕድሜዋን የበሉት እሳቸው አይደሉም እንዴ? ግን ባላገሮቹ ተነሥተው ሲማርኳቸው አንጀቴን በሉኝ። ያን ያህል ገጽ አብሬያቸው ስኖር ኩራታቸው ከምን እንደተሠራ አይቻለሁ መሰለኝ፣ አጭር ታሪክ ውስጥ ቢሆኑ አንድ ክፉ ባላባት ብዬ ረስቻቸው ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ወይዘሮ ጥሩአይነት፣ የሰብለ እናት፣ በባልና በልጅ መሀል ያሉት ሴት፣ አልጠገብኳቸውም። ለእሳቸው ሌላ 50 ገጽ ቢጨመር አንድም ቀን አላማርርም ነበር።