ስንት ሰጠሃቸው?

ዛሬ ታናሽ ወንድሜን ከሱስ ማገገሚያ አወጣሁት። ሁለት ወር አልኮል ሳይቀምስ ቆይቷል። ቤት ከመግባታችን በፊት አራት ኪሎ ማኪያቶ እንጠጣ አለኝ። ስኳሩን ሲያማስል ዓይኔ እጁ ላይ ነበር። አይንቀጠቀጥም። በፊት እኮ ጠዋት ሻይ ሲይዝ ግማሹ ሰሃኑ ላይ ነበር የሚፈሰው።

ሲወጣ የእርካታ መጠይቅ አስሞልተውታል። 8 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ።

«ስንት ሰጠሃቸው?»

«32! ደፈንኩላቸው።»

«ምግቡ አስጠላኝ፣ ስልክ ከለከሉኝ ስትል አልነበር እንዴ?»

ሳቀ። «እቴ፣ ነርሷ አጠገቤ ቆማ እኮ ነው የሞላሁት። ደሞ ሻንጣዬን ገና አልሰጡኝም ነበር።»

እኔም ሳቅኩ፣ ግን ነገሩ ከነከነኝ። አብሮት የገባው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ጥሎ ወጥቷል። እሱን ማን ጠየቀው? የሚሞላው እስከ መጨረሻ የቆየው ብቻ ከሆነ ውጤቱ ቢያምር ምን ይገርማል!

«እሺ፣ የእውነት ምን ተመቸህ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች፣ አለ። ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱን እንደ ሚጥል በሽታ ይጥለዋል። ቤት ቆልፎ ማስቆም አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የሌሊት ተረኛው ነርስ እየተመላለሰ ግፊቱን ይለካው ነበር። «በስሜ እየጠራ አይዞህ ይለኝ ነበር» አለኝ። ይሄ ከስምንቱ ጥያቄ የትኛው ውስጥ ይገባል?

ሂሳብ ከፍለን ወጣን። በግሮሰሪው በኩል አንሂድ አለኝ። ዞረን ሄድን።