ወራጅ አለ! ከልጆች ጋር ሦስት ቀን በአዲስ አበባ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ብቻዬን ስሄድ መንገዱ አይታወቀኝም፤ ማልጄ ወጥቼ ጉዳዬን ጨርሼ ማታ ቤቴ እገባለሁ። በግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ስወርድ ግን ገና ሰንዳፋ ሳንደርስ «ደረስን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አልቆብኝ ነበር። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ታናሹ አምስት። እናታቸው ሥራ ስለነበረባት ሦስት ሹራብ፣ አንድ ፌስታል ብርቱካንና «እጁን እንዳትለቅ» የሚል ትእዛዝ ሰጥታ ሸኘችን።

ያረፍነው አያት አካባቢ የምትኖረው አክስታቸው ቤት ነው። ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ኖራለች፤ ድንቅነሽን (ሉሲን) ግን አይታት አታውቅም። «እንግዳ ሲመጣ አብሬ አያለሁ እያልኩ ነው» አለችኝ። ለመጀመሪያው ቀን አምስት ቦታ የዘረዘርኩበትን ወረቀት ሳሳያት አንብባ አጠፈችውና «ይህን የጻፍከው ለራስህ ነው ለልጆቹ?» ብላ መለሰችልኝ። ያን ቀን ያየነው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ተመስገን ነው።

ጠዋት ከአያት ቀላል ባቡር ተሳፈርን። ቆመን ነበር የሄድነው፤ አንዲት ሴት ግን ታናሹን አቅፈው መስኮቱ ሥር አስቀመጡት። ሐዲዱ ከመንገዱ በላይ ከፍ ሲል ልጁ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቁልቁል ሲያይ ቆየና «አባዬ፣ የመኪናዎቹ ጣሪያ ቆሻሻ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ከታች ሲታዩ የሚያብረቀርቁት መኪናዎች ከላይ አቧራ ለብሰዋል። አንዱ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ደግሞ እግሩን የታሰረ በግ ተኝቶ ከተማውን ይመለከታል። ልጄ እስካሁን ስለ አዲስ አበባ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያወራው ስለዚያ በግ ነው።

ስታዲየም ወርደን ስድስት ኪሎ የሚል ታክሲ ያዝን። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ከፊታችን የተቀመጡ አዛውንት «ወራጅ አለ!» ሲሉ መኪናው ወዲያው ቆመ። ታናሹ ይህን አስተዋለ። አንድ ቃል ተናግሮ መኪና ማስቆም እንደሚቻል በአምስት ዓመት ዕድሜው ማንም አልነገረውም ነበር። አራት ኪሎ ስንደርስ ባለ በሌለ ድምፁ «ወራጅ አለ!» አለ። ሹፌሩ ቆመ፤ ረዳቱ በሩን ከፈተ፤ ከኋላችን ያሉት ሰዎች መውረጃ እንድንሰጣቸው ይጠብቁ ጀመር። ማብራራት አፈርኩና ወረድን። ወደ አምስት ኪሎ ያለውን ዳገት በእግራችን ወጣነው።

በመንገድ ላይ ልጁ ሽንት መጣበት። አንድ ካፌ ገባን፤ «መጸዳጃ ቤቱ ለደንበኛ ነው» ተባልን። ደንበኛ ለመሆን አራት ሻይ አዘዝን፤ ከጠጣን በኋላ ቁልፉን የያዘው ልጅ ወጣ ብሏል ተባልን። ከልጅ ጋር የሚወጣ ሰው ከሙዚየሙ በፊት የመጸዳጃ ቤቱን ቦታ ያጣራ፤ ሌላ ምክር የለኝም።

በብሔራዊ ሙዚየም ቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ነው የወረድነው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂዋ ነው፤ ዋናው አጥንት ተቆልፎ ይቀመጣል። አንደኛው ቅጂ እንደተገኘችው ተጋድሟል፤ ሌላው ቆሟል። የቆመችው ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ነው። አክስቱ መዳፏን በታናሹ ራስ ላይ አሳረፈችና ሳታነቃንቅ ወደ መስታወቱ ወሰደችው። እኩል ናቸው።

«ትልቅ ሰው ናት?» አለ።

«አዎ።»

«እሺ፣ እኔም ትልቅ ሰው ነኝ» ብሎ እጁን ከእጄ አወጣ። የእናቱ ትእዛዝ የፈረሰው እዚያ ነው።

ትልቋን የያዛት ሌላ ነገር ነበር። በዲኪካ የተገኘችው ሰላም ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ናት፤ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ1993 ዓ.ም. አገኛት። ሰው በልማድ «የሉሲ ልጅ» ይላታል፤ እኔም እንደዚያ ብዬ አስረዳሁ። ልጄ ግን በዚያ ወሰነ ትምህርት ስለ አስርዮሽ ቁጥር ስትማር ነው የከረመችው። «ሰላም 3.3 ሚሊዮን ነው የሚለው። 3.3 ደግሞ ከ3.2 ይበልጣል። ልጅ እናቷን በመቶ ሺህ ዓመት እንዴት ትበልጣለች?» አለች። አጠገባችን የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ሳቁ። እኔም ከዚያ በኋላ ማስረዳቱን ትቼ እሷ እንድታነብልን አደረግሁ።

ስድስት ኪሎ አደባባይ ስንደርስ ታናሹ የየካቲት 12 ሐውልት ላይ የተቀረጹትን ምስሎች አፍጥጦ አየ። የወደቁ ሰዎች፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች። «ምን እያደረጓቸው ነው?» አለኝ። በ1929 ዓ.ም. በዚህ ከተማ የሆነውን ለአምስት ዓመት ልጅ እንዴት ይነግሩታል? «ጣሊያኖች ናቸው፤ ብዙ ሰው ገደሉ» አልኩና ዝም አልኩ። ልጁ ግን ዝም አላለም፤ ዩኒቨርሲቲው በር እስክንደርስ «ከዚያስ? ከዚያስ?» ይለኛል።

መልሱን ግቢው ውስጥ አገኘነው። የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ቀድሞ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምረው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ ትንሽ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጆቼ እርከኖቹን ቆጠሩ፤ አንዳቸው መሠረቱን ይቆጥራሉ፣ ሌላዋ አትቆጥርም፤ ሊጣሉ ደረሱ። ታናሹ በመጨረሻ አንበሳውን ቀና ብሎ አይቶ «ከዚያ እሱ መጥቶ አባረራቸው» ብሎ ደመደመ። አላረምኩትም።

ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም የሰውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት ተከትሎ የተደራጀ በመሆኑ ልጅ ይዞ ለመጣ ሰው ይመቻል፤ የልጅነቱ ክፍል ላይ ልጆቹ ራሳቸው አስጎብኚ ይሆናሉ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤትም ይታያል። ታናሹ መታጠቢያ ቤቱን ሲያይ ፊቱ በራ፤ የካፌው ነገር እስካሁን አልተፈታም ነበርና። አክስቱ ብብቱን ይዛ እየሮጠች አወጣችው።

በማግስቱ እንጦጦ ፓርክ ወጣን። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አክስታቸው በነጠላ ላይ ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፣ ደብረ ብርሃኖቹ ሹራባቸውን አውልቀው ይሮጣሉ። ምኒልክና ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ ወርደው አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት እዚህ ይኖሩ እንደነበር፣ በኋላም ከተማዋ በማገዶ እጦት ልትፈታ ስትል ከአውስትራሊያ የመጣ ባሕር ዛፍ እንዳዳናት ነገርኳቸው። ትልቋ ዙሪያውን አየችና «ከደብረ ብርሃን የመጣነው ባሕር ዛፍ ለማየት ነው?» አለች። ታናሹ ደግሞ ፈረስ ካልጋለብኩ ብሎ አለቀሰ። በየቀኑ በጋሪ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ! ከፈልኩ። የምኒልክን የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥት ሲያዩ ግን ሁለቱም ዝም አሉ። «የአያቴን ቤት ይመስላል» አለች ትልቋ፤ እንደ ወቀሳ አልነበረም።

ሦስተኛው ቀን የአንድነት ፓርክ ነበር። ባለ ጥቁር ጎፈሮቹ አንበሶች ተኝተው ነበር። እኔ በልጅነቴ አባቴ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሲወስደኝ የሰማሁትን ግሣት ለልጆቼ ላሰማቸው ብዬ ብዙ ቆምኩ፤ አላገሡም። ልጆቹ ቀድመው ሰለቹ፣ እኔ ነኝ እንሂድ የተባልኩት።

ከላምበረት መናኸሪያ ስንሳፈር ታናሹ ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበር። ሸኖን አልፈን፣ ጫጫ ልንደርስ ስንል ዓይኑን ሳይገልጥ «ወራጅ አለ!» አለ። አፉን በመዳፌ ልከድን ስል ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «እግዚአብሔር ይስጥህ የኔ ልጅ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ሳልፍ ነበር» ብለው ዘንቢላቸውን ይዘው ወረዱ።