ባሌስትራችሁን በእሳት አታስቀጥቅጡ

ይህን የምጽፈው በ2010 ዓ.ም. አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ ስለሚቆጨኝ ነው።

መኪናዬ የ1994 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ደብል ጋቢና፣ ባለ 2.8 ናፍጣ። ከብቸና ጤፍ አመላልስባታለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጫን ኖራ ኋላዋ ቁጭ አለ። ባዶዋን እንኳ አፍንጫዋ ወደ ላይ ነበር። ማታ ስነዳ መብራቴ ሽቅብ ስለሚያበራ፣ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ይናደድብኝ ነበር።

መጀመሪያ ለካሁ። ሜዳ ላይ፣ ጭነት ሳይኖር፣ የጎማው ንፋስ እኩል ሆኖ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በቀኝ 47፣ በግራ 44 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሾክ አብዞርበር ቀይር የሚላችሁን አትስሙ። የሃይሉክስን ኋላ የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፣ ቅጠል የሚባሉ ጠፍጣፋ ብረቶች ተደራርበው የታሰሩበት ማለቴ ነው፤ ሾኩ ዝላዩን ብቻ ነው የሚገታው።

ለቦሎ ምርመራ ስሄድ ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ አየና "ኋላው ወርዷል፣ አስተካክለህ ና" አለኝ። የቀረኝ ሦስት ቀን ነበር። የአዲስ ባሌስትራ ዋጋ ከበደኝ። አንድ ጋራዥ ደግሞ "ለምን ትገዛለህ? በእሳት እናስነሳልሃለን፣ ነገ ትወስዳለህ" አሉኝ። ዋጋቸው የአዲሱን ሩብ አይሞላም። እሺ አልኩ።

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ለያዩ። ዋናውን ቅጠል በኦክስጅን እሳት ሲያግሉት እዚህም እዚያም እንደ ፍም ቀላ። የሐዲድ ቁራጭ ላይ አጋድመው በመዶሻ ቀጠቀጡት። የግራውን እንዲሁ መሬት ላይ ተዉት። ቀኙን ግን ቶሎ ለመግጠም ስለተፈለገ፣ አንዱ ልጅ በጣሳ ውሃ አፈሰሰበት። እንፋሎቱ ጋራዡን ሞላው። እኔ ዝም ብዬ አየሁ።

መኪናዋ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ወጣች። ያው ተቆጣጣሪ በዚህኛው ቀን ሳይጎነበስ አሳለፈኝ። ቁመቷን እንጂ ብረቱን አላየም። እስካሁን ቅር ይለኛል። ከሱ ይልቅ ግን በራሴ እናደዳለሁ።

በሦስት ሳምንት ግራው ተመልሶ ወረደ። መቆም ነበረብኝ። እኔ ግን 8 ኩንታል ጭኜ ከብቸና ተነሳሁ። አባይ በረሃን ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ፣ አስፋልቱ ጉብ ጉብ ያለበት ቦታ ላይ "ጧ!" አለ። መኪናዋ በጎኗ መሄድ ጀመረች።

ወርጄ ሳይ የቀኙ ዋና ቅጠል ከፊት በኩል ለሁለት ተሰብሯል። ጎማው ወደ ኋላ ሸሽቶ ፓራፋንጎውን ነክቷል። ስባሪውን በእጅ ባትሪ አየሁት። አብዛኛው እንደ አዲስ ብረት ያብለጨልጫል፤ አንድ ጥግ ላይ ግን የጥፍር ስፋት ያህል ዝጓል። ስንጥቁ የዚያን ቀን አልመጣም። ስጭንበት የከረምኩት የተሰነጠቀ ብረት ላይ ነው።

አንድ ጠና ያሉ የአይሱዙ ሹፌር ቆሙልኝ። ስባሪውን አገላብጠው አዩና "ልጄ፣ ይሄ እሳት ነክቶታል አይደል?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። በአክስሉ (የኋላ ጎማዎቹን በሚያገናኘው ብረት) እና በሻንሲው መሃል እንጨት ወሸቅን፣ አክስሉን በሰንሰለት ወደ ፊት አሰርን፣ ጤፉን ወደሳቸው መኪና አዛወርን። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ጨረስኩት። ቁልቁለቱን ስወርድ ቢሆንስ ኖሮ? ሌሊት ሌሊት አሁንም ይመጣብኛል።

የባሌስትራ ብረት ፋብሪካ ውስጥ 850 ዲግሪ ገደማ ይግላል፣ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ እንደገና 450 ገደማ ይሞቃል። ጥንካሬውም መተጣጠፉም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጋራዥ ውስጥ አግላችሁ ዝም ብላችሁ ካቀዘቀዛችሁት ይለሰልሳል፤ የኔ ግራ ያ ነው። ውሃ ካፈሰሳችሁበት ደግሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ከሶማሌ ተራ የሁለቱንም ጎን አዲስ ገዛሁ። አንዱን ብቻ አትቀይሩ። በደከመው ላይ ቅጠል መጨመርንም አልመክርም፤ የደከመው እንደደከመ ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልትም አዲስ ይሁን። ክሪክ ብቻውን አትመኑ፣ ሻንሲው ስር ድጋፍ አስገቡ።

የጎሚኒዎቹን (የባሌስትራው ጫፎች ላይ ያሉትን ላስቲኮች) ብሎን የምታጠብቁት ግን ጎማው መሬት ነክቶ፣ መኪናዋ በራሷ ክብደት ስትቀመጥ ነው። ተንጠልጥላ ካጠበቃችሁት ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። መካኒኬ "ጊዜ ማባከን ነው" አለኝ። አይደለም፣ አስፈትቼ በድጋሚ አሳሰርኩት።

ሌላው፣ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች። የኋላውን ፍሬን እንደ ጭነቱ ትመጥናለች። ኋላው ከፍ ሲል መኪናዋ ባዶ ናት ብላ ፍሬኑን ትቀንሳለች። ሳታስተካክሏት ቁልቁለት እንዳትሞክሩ።

አሁን ቀኙም ግራውም 51 ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዩ ቦልቶቹን ደግሜ ሳጠብቅ፣ እያንዳንዱ ዳዶ ሩብ ዙር ገባ።