ወደ ባጀር ክላርክ ጎጆ

የአሜሪካዊውን ገጣሚ የባጀር ክላርክን ጎጆ ለማየት ሳውዝ ዳኮታ ካለችው ከራፒድ ሲቲ በ79 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ወርደን ሄርሞሳ ላይ በ36 ቁጥር ወደ ምዕራብ ታጠፍን፤ 16ኤ ቁጥር መንገድ ላይ ስንወጣ ከስተር ስቴት ፓርክ ውስጥ ነን። በራሽሞር ተራራ በኩል የሚመጣው መንገድ ያምራል፤ ግን ጥምዝምዙና ጠባብ ዋሻዎቹ ጊዜ ይበላሉ፤ ተጎታች ላለው ደግሞ ባይሞከር ይሻላል። የፓርኩ ክፍያ በመኪና ነው። ጎሾች መንገድ ከዘጉ መኪና ውስጥ ሆኖ መጠበቅ እንጂ ጥሩንባ አያዋጣም።

ጎጆው ከሌጅዮን ሐይቅ 1 ማይል ያህል ይርቃል። ባጀር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር አውሬ ነውና ክላርክ ቤቱን «የባጀር ጉድጓድ» ብሎታል። አራት ክፍል ነው፤ ሠርቶ ለመጨረስ ዓመታት ፈጅቶበታል። መብራት፣ የቧንቧ ውሃ፣ ስልክ አልነበረውም። መጻሕፍቱ እንዳሉ አሉ። ከጓሮ የሚነሣው የእግር መንገድም 1 ማይል ገደማ ነው፤ ከፊሉን የጠረገው እሱ ራሱ ነው። ድንጋያማ ስለሆነ በነጠላ ጫማ አይኬድም። ቤቱ ለጎብኚ የሚከፈተው በበጋቸው ብቻ ነው፤ ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ በእነሱ አቆጣጠር። በጥቅምት የመጣ የተቆለፈ በር አይቶ ይመለሳል።

ክላርክን «የካውቦይ ገጣሚ» ይሉታል እንጂ ከብት የጠበቀው አራት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1883 አዮዋ ተወለደ፤ የሜቶዲስት ቄስ ልጅ ነው፤ ያደገው ዳኮታ። ሳንባውን ቢታመም ደረቅ አየር ፍለጋ አሪዞና፣ ቱምስቶን አጠገብ ወረደ። ከዚያ ለእንጀራ እናቱ በግጥም ደብዳቤ ይጽፍላት ጀመር። እሷ አንዱን ለ«ፓሲፊክ መንዝሊ» መጽሔት ላከችው፤ መጽሔቱም 10 ዶላር ከፈለ። ግጥም እንጀራ ይሆናል ብሎ ያሰበው ያኔ ነው፤ በኋላ ግን ይበልጥ ያኖረው በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ያደርገው የነበረው ንግግር ነው። በ1937 ሳውዝ ዳኮታ የመጀመሪያዋ ባለማዕረግ ገጣሚ አድርጋ ሾመችው። እሱ ግን የማዕረጉን የእንግሊዝኛ ስም «ላውሬት»ን «ላሪያት» እያለ ይቀልድበት ነበር፤ ላሪያት ካውቦዮች ከብት የሚጥሉበት የሸምቀቆ ገመድ ነው።

ከሁሉ የታወቀለት ግጥም «የካውቦይ ጸሎት» ነው። ፖስት ካርድ ላይ እየታተመ ሲሸጥ ከሥሩ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ «ደራሲው ያልታወቀ» የሚል ነበር። ክላርክ የሞተው በ1957 ነው፤ መቃብሩ ሆት ስፕሪንግስ ነው፤ ከጎጆው ወደ ደቡብ በ87 ቁጥር መንገድ ዊንድ ኬቭ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ይደረሳል።