ፕሪንትኤፍ ዝም ሲል

ቱሉ ዲምቱ ላይ ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው የሮቶውን ከፍታ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ትልቅ እፎይታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ሴንሰሩ ሳይሆን ፕሪንትኤፍ (printf)፣ ማለትም በሲ ቋንቋ ጽሑፍ የሚያትመው ፈንክሽን ነው። የመሣሪያው ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ ኮምፒውተር ቺፕ) አትሜጋ 328ፒ ስክሪን የለውም፤ አንድ ፊደል ወደ ዩአርት (ፊደላትን በሽቦ ወደ ኮምፒውተር ወደሚልከው የቺፑ ክፍል) የሚልክ ፈንክሽን ጽፋችሁ በኤፍዴቭኦፕን (fdevopen) ከፕሪንትኤፍ ጋር ካላገናኛችሁት ምንም አይወጣም። ፈንክሽኑ የመላኪያው ሬጅስተር (ቀጣዩ ፊደል የሚቀመጥበት ቦታ) ባዶ እስኪሆን ይጠብቅ፤ አለዚያ ፊደላት ይዋጣሉ።

«ከፍታ 1.25» ስትጠብቁ «ከፍታ ?» ከመጣ ሽቦ አትነቃቅሉ! ኤቪአር ሊብሲ (ለእነዚህ ቺፖች የተዘጋጀው የሲ ላይብረሪ) ተጨማሪ ላይብረሪ ካልተሰጠው ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) አያትምም። ሜትሩን ትታችሁ በሳንቲሜትር 125 ብላችሁ በኢንቲጀር (በሙሉ ቁጥር) አትሙ፤ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፣ ፍላሽም (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ሜሞሪ) ይቆጥባል። ራሙ (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ረጃጅም መልእክቶች ፍላሽ ውስጥ ይቀመጡ።

በ9600 ባውድ (በሰከንድ 9600 ቢት) አንድ ፊደል 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ ኢንተራፕት (ዋናውን ሥራ አቋርጦ የሚገባና ቶሎ ማለቅ ያለበት ኮድ) ውስጥ ፕሪንትኤፍን በፍጹም አትጥሩ።